ተጠቅልሎ የሚያዝ ኦርጋኒክ ሶላር ቻርጀር በጎንደር፦ ምን ይሰጣል፣ ምን ይጎድለዋል?

በፒያሳና በአራዳ ዙሪያ ባሉ ሱቆች ያየኋቸው የሶላር ቻርጀሮችና መብራቶች ሁሉ በሲሊኮን የሚሠሩ ናቸው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ግን ከእነሱ በመሠረቱ የተለየ ዕቃ ነው። ይኸውም በስስ ፕላስቲክ ላይ የታተመ፣ ተጠቅልሎ በትንሽ ቦርሳ የሚገባ፣ ከአንድ ጫፉ ላይ ባትሪና የዩኤስቢ መሰኪያ ያለው ኦርጋኒክ፣ ማለትም ብርሃን የሚውጠው ክፍሉ በካርቦን ላይ ከተመሠረቱ ሞለኪውሎች የተሠራ፣ ሶላር ቻርጀር ነው። ዕቃውን ያገኘሁት ለጥምቀት ከአውሮፓ ከመጣ ዘመድ ሲሆን፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር እንደመሆኔ በቤትም በክፍልም ስገለገልበት ቆይቻለሁ። የምመዝነው የዕቃውን ዓይነት እንጂ አንድን ድርጅት ስላልሆነ የአምራቹን ስም አልጠቅስም።

ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። መብራት በጠፋ ቁጥር ስልክ ለመሙላት ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን ዕቃ እንዲገዛ አልመክርም፤ ተመሳሳይ ስፋት ያለው የሲሊኮን ፓነል ብዙ እጥፍ ኃይል ይሰጠዋልና። ወደ ሰሜን ተራሮች በእግሩ ለሚወጣና እያንዳንዱ ግራም ለሚከብደው መንገደኛ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ዕቃ ነው፤ ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው ደግሞ በገንዘብ የማይተመን መሣሪያ ነው። ሦስቱም ፍርዶች የሚመነጩት ከአንድ ምክንያት ነው። በዚህ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ የብርሃን ኃይል ከተዋጠበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ኤሌክትሪክ እስከሚለወጥበት ድንበር የሚያደርገው ጉዞ ወደ 10 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የዕቃው ጥንካሬም ድክመቱም ከዚህች አጭር ጉዞ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ዕቃውን በትክክል ለመመዘን ጉዞውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አምራቹ ከዕቃው ጋር ባስቀመጠው ወረቀት ላይ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አለመኖሩ አሳዝኖኛል።

ሲዘረጋ ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 50 ሳንቲሜትር ገደማ የሚሆን፣ ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ ጥቁር አረንጓዴ ሉህ ነው። ወደ መስኮት ከፍ አድርገው ሲመለከቱት እርስ በርስ የተያያዙ ቀጫጭን ረድፎችና በላያቸው የተዘረጉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የብር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ረድፍ ራሱን የቻለ ሶላር ሴል ነው፤ ብቻውን ከ1 ቮልት በታች ስለሚሰጥ፣ ባትሪውን ለመሙላት የሚበቃ ቮልቴጅ እንዲገኝ ረድፎቹ በተከታታይ ተያይዘዋል። ብርሃኑን የሚውጠው ንብርብር ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ናኖሜትር ነው፤ በገበያ ላይ ያለ የሲሊኮን ሴል ግን ከ100 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከ100,000 ናኖሜትር፣ በላይ ይወፍራል። የሉሁ ቅለት የመጣው ከዚህ ነው፤ በእጅ የሚዳሰሰው ነገር ሁሉ ከሞላ ጎደል መሸፈኛ ፕላስቲክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በሲሊኮን ውስጥ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ሲዋጥ ኤሌክትሮኑና ትቶት የሄደው ቀዳዳ ወዲያው ነጻ ይሆናሉ ማለት ይቻላል፤ የሚያስተሳስራቸው ኃይል 0.015 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ የኃይል መለኪያ) ገደማ ብቻ በመሆኑ የክፍሉ ሙቀት ራሱ፣ ማለትም 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት የሚሆነው፣ ይለያያቸዋል። በኦርጋኒክ ቁስ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሲሊኮን ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት፣ ማለትም ቁሱ በቻርጆች መካከል ያለውን መሳሳብ የሚያዳክምበት መጠን፣ 12 ሲጠጋ የኦርጋኒክ ቁሶች ከ3 እስከ 4 ብቻ ስለሆነ፣ በኤሌክትሮኑና በቀዳዳው መካከል ያለውን መሳሳብ የሚያዳክም ነገር ስለሌለ፣ ሁለቱ ተጣምረው ይቀራሉ። ይህ ጥምረት ኤክሲቶን ይባላል፤ ለመለያየትም ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ኤሌክትሮን ቮልት ይጠይቃል፤ ይህም ሙቀት ብቻውን ከሚሰጠው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ነጻ ቻርጅ ስለሌለ በዚህ ደረጃ ላይ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም።

ይህን በክፍል ሳስረዳ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ኤክሲቶኑ በጠቅላላው ቻርጅ ከሌለው ማን ነው የሚገፋው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የጉዳዩ እምብርት ነው። ኤሌክትሪክ ፊልድ አይገፋውም፤ ጥምረቱ ገለልተኛ ነውና። ኤክሲቶን የሚንቀሳቀሰው ኃይሉን ከአንዱ ሞለኪውል ወደ ጎረቤቱ እያሸጋገረ፣ አቅጣጫ ሳይመርጥ፣ በዘፈቀደ ነው። የሽግግሩን ዋና መንገድ ቴዎዶር ፎርስተር የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አብራርቶታል። የተነቃቃው ሞለኪውል ብርሃን ሳያወጣ፣ በኤሌክትሪክ ዳይፖሎች (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ቻርጅ ጥንዶች) መሳሳብ አማካይነት፣ ኃይሉን በቀጥታ ለሌላው ያስረክባል፤ ይህም እንዲሆን ሰጪው ሊያወጣው የሚችለው የብርሃን ስፔክትረም (የቀለማት ስብጥር) እና ተቀባዩ የሚውጠው ስፔክትረም መገጣጠም አለባቸው። የሽግግሩ ፍጥነት ከርቀቱ ስድስተኛ ፓወር ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ 64 ጊዜ ይቀንሳል፤ በመሆኑም ከ10 ናኖሜትር በላይ ብዙም አይዘልቅም። እ.ኤ.አ. በ1953 ዴቪድ ዴክስተር ያብራራው ሁለተኛው መንገድ ደግሞ የኤሌክትሮን መለዋወጥን የሚጠይቅ ሲሆን፣ የሞለኪውሎቹ ኦርቢታሎች (ኤሌክትሮኖቹ የሚገኙባቸው ክልሎች) መነካካት ስላለባቸው የሚሠራው ወደ 1 ናኖሜትር በሚጠጋ ርቀት ብቻ ነው። ብርሃን በቀጥታ የሚፈጥራቸው ሲንግሌት ኤክሲቶኖች በአብዛኛው በመጀመሪያው መንገድ ይጓዛሉ፤ ትሪፕሌት የሚባሉት ሌላ ዓይነት ኤክሲቶኖች ግን በሁለተኛው ላይ የተመኩ ናቸው።

ጉዞው የጊዜ ገደብ አለው። ሲንግሌት ኤክሲቶን በተለመዱት ፖሊመሮች (ሰንሰለት መሰል ረጃጅም ሞለኪውሎች) ውስጥ ዕድሜው ከናኖሰከንድ ብዙም አይዘልም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መለያያ ቦታ ካላገኘ ኃይሉ በሙቀት ወይም በደካማ ብርሃን መልክ ባክኖ ይቀራል። ከጎረቤት እሳት የሚጭር ሰው ፍሙ ሳይከስምበት ምድጃው ላይ መድረስ እንዳለበት ሁሉ፣ ኤክሲቶኑም ኃይሉን ይዞ ከድንበሩ መድረስ አለበት። በተለመዱት ቁሶች በአማካይ የሚዘልቀው ወደ 10 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ ብርሃኑን በበቂ ሁኔታ ለመዋጥ ግን ቢያንስ 100 ናኖሜትር ውፍረት ያስፈልጋል። የኦርጋኒክ ሶላር ሴል ታሪክ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ክፍተት የመድፈን ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቺንግ ታንግ በኮዳክ ኩባንያ እያለ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ሥራ ኤሌክትሮን ሰጪና ኤሌክትሮን ተቀባይ የሆኑ ሁለት ስስ ንብርብሮችን ያጋጠመ ሲሆን፣ ከፀሐይ ብርሃን ወደ 1 በመቶ የሚሆነውን ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠ። ነገር ግን ኤክሲቶኑ የሚለያየው በሁለቱ መጋጠሚያ፣ ማለትም በድንበሩ ላይ፣ ተቀባዩ ኤሌክትሮኑን ሲወስድ ስለሆነ፣ ጠቃሚ ሆነው የቀሩት ከመጋጠሚያው አጠገብ የተፈጠሩት ኤክሲቶኖች ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ተመራማሪዎቹ ሳሪቺፍቺና ሂገር ከባልደረቦቻቸው ጋር ኤሌክትሮን ከፖሊመር ወደ ፉለሪን (ከካርቦን አቶሞች የተሠራ ኳስ መሰል ሞለኪውል) እጅግ በፈጠነ ሁኔታ እንደሚሻገር አሳዩ፤ በ1995 ደግሞ ሁለቱን ቁሶች በመሟሟያ አዋሕዶ በአንድነት መቀባት የሚለው ዘዴ ታተመ። ውሕዱ ሲደርቅ ሰጪውና ተቀባዩ በጥቂት አሥር ናኖሜትሮች ስፋት እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ፣ ኤክሲቶኑ የትም ቢፈጠር ድንበር በአቅራቢያው ያገኛል። በእጄ ያለው ዕቃም የተሠራው በዚሁ መርህ ነው። የዚህ ዘርፍ ሥራ ለአገራችንም እንግዳ እንዳልሆነ ማንሳት ተገቢ ይመስለኛል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ለሶላር ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን በማዘጋጀትና በመፈተሽ ዓለም አቀፍ ጽሑፎችን አሳትመዋል።

ከዚያ ወዲህ ትልቁ ለውጥ የመጣው ፉለሪንን የተኩት አዳዲስ ተቀባይ ሞለኪውሎች ሲሠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተዋወቀው «ዋይ 6» የተባለው ሞለኪውል 15.7 በመቶ የደረሰ ሴል ለመሥራት አስችሏል፤ ዛሬ በላብራቶሪ 20 በመቶ አካባቢ ተደርሷል። ፉለሪን የሚታየውን ብርሃን የሚውጠው በጥቂቱ ነበር፤ ዋይ 6 ግን ዓይን የማያየውን የቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ጭምር ይውጣል፣ በውስጡም ኤክሲቶን ከቀድሞዎቹ ቁሶች ርቆ ይጓዛል። በተጨማሪም ፖሊመሩ የዋጠው ኃይል ወደ ዋይ 6 በፎርስተር መንገድ ተሸጋግሮ መለያየቱ ከዚያ በኋላ ሊፈጸም ይችላል፤ የኃይል ሽግግር መሸጋገሪያ ድልድይ እንጂ የግድ ኪሳራ አይደለም ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ካሬ ሳንቲሜትር በማይበልጡ፣ በጥንቃቄ በተሠሩ ናሙናዎች ላይ ነው። በማተሚያ ማሽን በሰፊው ሲቀባ የንብርብሩ ውፍረት ይዛነፋል፣ በረድፎቹ መካከል ብርሃን የማይውጥ ቦታ ይቀራል፣ ኤሌክትሪኩም ረጅም መንገድ ሲጓዝ ይባክናል፤ በዚህም ምክንያት የገበያው ዕቃ ከላብራቶሪው በብዙ ያንሳል። ገዢ የሆነ ሁሉ በማስታወቂያ ላይ የሚያነበው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል።

በእኔ ዕቃ ላይ የተጻፈው 4 ዋት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ገደማ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል ብንል፣ በአንድ አሥረኛ ካሬ ሜትር ሉህ ላይ የሚወርደው 100 ዋት ነው፤ 4 ዋት ማለት 4 በመቶ ማለት ነው። በዚያው ስፋት ያለ ጥሩ የሲሊኮን ፓነል 20 ዋት ያህል ይሰጣል። የአንድ መካከለኛ ስልክ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚይዝ፣ በመሸጋገር የሚባክነው ሲታከልበት፣ ስልኩ ከባዶ እስኪሞላ አምስት ሰዓት ገደማ ጠራራ ፀሐይ ይፈልጋል። በበጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ይህ በጎንደር ሰማይ ሥር አስቸጋሪ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ወቅት ፀሐይ በእኩለ ቀንም ቢሆን ወደ ደቡብ አዘንብላ ከአድማስ 54 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትሆን ሉሁን መሬት ላይ ጠፍጣፋ ዘርግቶ መተው ከሚወርደው ብርሃን አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ማጣት ነው፤ ወደ ደቡብ ዘንበል አድርጎ ከግንብ ወይም ከአጥር ላይ ማስደገፍ ይበጃል።

ስለ ጥላ ሳልጽፍ ባልፍ ዋናውን የአያያዝ ምክር እነፍጋለሁ። ረድፎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ አንዱ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ የሁሉም ኤሌክትሪክ ይታነቃል። ይህን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ማየት ይቻላል፦ ቀጭን እርሳስ በአንዱ ረድፍ ርዝመት ላይ ሲጋደም ቁጥሩ ያሽቆለቁላል፤ ያንኑ እርሳስ ሁሉንም ረድፎች አቋርጦ እንዲያርፍ ሲያዞሩት ግን የሚቀንሰው ጥቂት ብቻ ነው። እንግዲህ የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የሽቦ ጥላ ማምለጥ በማይቻልበት ቦታ ሉሁን አዙሮ ጥላው ረድፎቹን አቋርጦ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የዕቃው ወረቀት ይህንንም አልነገረኝም።

በክረምት ስለሚሰጠው አገልግሎት ደግሞ ከጠበቅሁት የተሻለ ነው። ኦርጋኒክ ሴሎች በደብዛዛ ብርሃን ብቃታቸው ብዙ አይወርድም፤ የክፍል ውስጥ መብራት ሲሆን እንዲያውም አንዳንዶቹ ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣሉ፤ የሚውጡት ብርሃን ከኤልኢዲ ብርሃን ጋር ስለሚገጥም ነው። ይሁን እንጂ የሐምሌ ደመና የብርሃኑን መጠን ራሱን ስለሚቀንስ ብቃቱ ቢጠበቅም የሚገኘው ኃይል ትንሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተዘርግቶ ከሰበሰበው ትንሽ ራዲዮ ወይም የእጅ ባትሪ ይሞላል እንጂ ስልክ በአግባቡ አይሞላም። ቤት ውስጥ ከአምፖል ሥር ስልክ እሞላለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ ሐሳቡን ይተው፤ የክፍል መብራት ከፀሐይ ብርሃን በብዙ መቶ እጥፍ ያንሳልና።

ሙቀትን በተመለከተ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሲሊኮን ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ 0.4 በመቶ ያህል ስለሚያጣ 65 ዲግሪ በሚደርስ ፓነል ላይ 16 በመቶ ያህል ይጎድላል፤ ኦርጋኒክ ሴል በዚህ ረገድ ያነሰ ይጎዳል፤ ቻርጁ ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል የሚያደርገው ዝላይ በሙቀት ይታገዛልና። ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ግን ጉዳቱ ከሲሊኮን የከፋ ነው። በጥንቃቄ የተጠላለፉት ሰጪና ተቀባይ ቁሶች በሙቀት እየተንቀሳቀሱ በየወገናቸው መሰባሰብ ይጀምራሉ፤ ስብስቡ ባደገ ቁጥር የኤክሲቶኑ መንገድ ከ10 ናኖሜትር ይረዝማል፣ ድንበሩም ሳይደርስበት ኃይሉ ይከስማል። ስለዚህ በጋለ ቆርቆሮ ጣራ ላይ በቀጥታ ማንጠፍ አይገባም፤ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ በእንጨት ወይም በገመድ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ዕድሜው ነው። ውሃና ኦክስጅን ወደ ንብርብሩ ሲገቡ፣ በተለይም ከአልትራቫዮሌት ብርሃን ጋር ሲተባበሩ፣ ፖሊመሩን በማበላሸት የኤክሲቶን ወጥመዶችን ይፈጥራሉ፤ ኃይሉም መንገድ ላይ ይቀራል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ስለሚጨምር፣ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ተፈትኖ የተሰጠ የዕድሜ ግምት እዚህ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በእኔ ሉህ ላይ መሰኪያው ባለበት በኩል ካለው ዳር ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚገባ የደበዘዘ ጠርዝ ይታያል፤ ጥቁር አረንጓዴው ወደ ገረጣ ቢጫ ሄዷል፣ ከዚያ ያለው ረድፍም በመልቲሜትር ሲለካ ከሌሎቹ ያነሰ ይሰጣል። መበላሸቱ ከመሐል ሳይሆን ከዳር መጀመሩ እርጥበቱ የገባው በሽቦው መውጫ ዙሪያ ካለው እሽግ መሆኑን ያመለክታል። የመካከሉ ክፍል እስካሁን ደህና ነው።

ለመምህራን የምለው የተለየ ነው። በመጽሐፍ ላይ ሶላር ሴል አንድ ጥቁር ሣጥን ሆኖ ሲቀርብ የኖረ ሲሆን፣ ይህ ብርሃን የሚያሳልፍ ሉህ ግን ውስጡን ለተማሪ ያሳያል። ቀይና ሰማያዊ የከረሜላ መጠቅለያ በአንዱ ረድፍ ላይ በየተራ አስቀምጦ ኤሌክትሪኩን መለካት፣ ቁሱ የትኛውን ብርሃን እንደሚውጥ ያለ ውድ መሣሪያ ያስተምራል። ተማሪዎቼ የፎርስተርን ሕግ ከሰሌዳ ላይ ገልብጠው ከሚረሱ ይልቅ፣ የገረጣው ጠርዝ ለምን እንደደከመ በራሳቸው ቃል ሲያስረዱ መስማቴ ለዚህ ዕቃ ያለኝን ክብር ጨምሮታል። ዋጋው ለአንድ መምህር ደመወዝ ከባድ ስለሆነ ትምህርት ቤቶች በጋራ ቢገዙት ይሻላል።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የተጻፈው ዋት የላብራቶሪው ነው ወይስ የሉሁ፣ መሸፈኛው አየርና እርጥበት ከሚከለክል ፕላስቲክ የተሠራ ነው ወይስ ከተራ ላስቲክ፣ ዋስትናውስ በውጭ ተዘርግቶ ለሚቆይበት ጊዜ ነው ወይስ በሣጥን ውስጥ ላለው። ለሦስተኛው ግልጽ መልስ የማይሰጥ ሻጭ ዘንድ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ዕቃውን ለመንገድ የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከቦርሳ ጀርባ ላይ ማሰፋት ይመርጣሉ። ቅዳሜ ገበያ ያለው ልብስ ሰፊም «መምህር፣ ዳሩን ትንሽ ቆረጥ አድርጌ ልስፋልዎት» ብሎኝ ነበር፤ ቅንነቱን ባመሰግንም አልፈቀድኩም። በሉሁ ዙሪያ ያለው ቀለም አልባ ጠርዝ ትርፍ ፕላስቲክ ይመስላል እንጂ እርጥበትና ኦክስጅን ወደ ረድፎቹ የሚደርሱበትን መንገድ የሚያረዝም እሽግ ነው፤ ከተቆረጠ ወይም በመርፌ ከተበሳ መገርጣቱ ከዚያው ይጀምራል። ማሰር የሚፈልግ ሰው ሉሁን ሳይነካ ከላይና ከታች በሰፊ የጨርቅ ኪስ ይያዘው፤ ሲጠቀልለውም ከክንድ ውፍረት በጠበበ ዙር እንዳያጥፈው ይጠንቀቅ።